የሳሙና ጅራትና የስኳር ቀለበት

ሳሙና ከእድፍ ጋር የሚዋጋ የንጽሕና ወታደር መሆኑን ክቡራን አንባብያን ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ይህ ወታደር ሰይፉ ካፎቱ ሳይመዘዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን።

እያንዳንዱ የሳሙና ሞለኪውል ውሃን የሚወድ ራስና ውሃን የሚሸሽ ረጅም ጅራት አለው። ጅራቱ በቅባቱ ሲሰካ ራሱ በውሃው ስለሚቀር እድፉ ተላቆ ይወሰዳል። ደግሞም ሳሙናው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሞለኪውሎቹ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ይሰበሰባሉ፤ ስብስቡም ሚሴል ይባላል። ለምሳሌ 12 ካርቦን ያለው ጅራት የያዘው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከ2 ግራም ጥቂት ሲበልጥ ሚሴል መሥራት ይጀምራል።

ቪልዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ከስታርች የተገኘ አንድ ልዩ ስኳር ገለጸ፤ ዛሬ ሳይክሎዴክስትሪን ይባላል። በብዛት የታወቁት ዓይነቶች 6፣ 7 ወይም 8 ግሉኮሶች በቀለበት ተያይዘው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ቅርጻቸው መቀመጫው የተነደለ ሲኒ ይመስላል። ውጫቸው ውሃን ይወዳል፤ ውስጣቸው ግን ለቅባት ይስማማል።

ስለዚህ ሁለቱ በውሃ ሲገናኙ የሳሙናው ጅራት ውሃውን ሸሽቶ ወደ ቀለበቱ ይገባል። ማሰሪያ ስለሌለው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ በውስጥ ሳለ ግን ሚሴል አይሠራም፣ የውሃውንም ገጽ አያላላም። ሚሴል እንዲጀምር ቀለበቶቹ የያዙትን ያህል ተጨማሪ ሳሙና ያስፈልጋል።

ነገሩ ጤናን ይነካል። በብዙ የዓይን ጠብታዎች ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ እንደ ሳሙና ራስና ጅራት አለው። መድኃኒቱን ለማሟሟት የገባው ቀለበት ይህን ጠባቂ ይዞ ኃይሉን ሊያደክመው ስለሚችል፣ ቀማሚዎች ልኩን በምርመራ ይወስናሉ።

መምህራን በሣህን ውሃ ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው መካከሉን በአንድ ጠብታ የሳሙና ውሃ ቢነኩት ዱቄቱ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ይህ የነጻ ሳሙና ሥራ ነው። የሚሠራው የጨመርነው ሁሉ ሳይሆን ነጻ ሆኖ የቀረው ነው። ስለሆነም ሁለት መልካም ነገሮች ሲደባለቁ ጥቅማቸው ሁልጊዜ እንደማይደመር ተረድተን፣ የመድኃኒትና የጀርም ማጥፊያ ቅልቅልን በገዛ እጃችን ከማዘጋጀት እንቆጠብ።