ሰያፍ የትከሻ እንቅስቃሴ፤ አሠራሩና ጥንቃቄው

ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ እንደ ትከሻ በብዙ አቅጣጫ የሚዞር የለም። ክንዳችንን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ እናነሣለን፤ በዙሪያውም እናሽከረክረዋለን። ይሁን እንጂ በቀላሉ የሚዞር መገጣጠሚያ በቀላሉም ይጎዳል። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት የብራኳ ጎድጓዳ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ስለ ሆነ፣ አጥንቱን በቦታው አጽንተው የሚይዙት በአብዛኛው ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ከእነዚህም ዋነኞቹ ከብራኳ ተነሥተው የክንዱን ራስ የሚከቡት አራት ጡንቻዎች ናቸው። እነርሱ ሲደክሙ ወይም ሲጎዱ ትከሻ ይታመማል፤ አንዳንድ ጊዜም ይወልቃል።

እነዚህን ጡንቻዎች ለማጠንከር ከሚረዱት ስልቶች አንዱ ሰያፍ እንቅስቃሴ ነው። ሰያፍ የተባለበትም ምክንያት ክንድ በቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ከመነሣት ይልቅ፣ ሰውነትን አቋርጦ ከአንዱ ዳሌ ወደ ሌላው ትከሻ አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ያዳበሩት ኸርማን ካባት የተባሉ ሐኪምና የሥራ ባልደረባቸው ማርጋሬት ኖት ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም በፖሊዮና በመሳሰሉት ሕመሞች ሰውነታቸው የደከመባቸውን ሰዎች መርዳት ነበር። ሰው በዕለት ተግባሩ ክንዱን በቀጥታ መስመር ብቻ አያንቀሳቅስም። ነጠላውን የሚያጣፋ ሰው ጫፉን በቀኝ እጁ ይዞ ወደ ግራ ትከሻው ሲወረውር አስተውሉ፤ የክንዱ መንገድ ሰያፍ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ይህንኑ ነጠላ የማጣፋት እንቅስቃሴ ይመስላል። ቀኝ እጅ ከቀኝ ዳሌ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ ይጀምራል፤ ፊትን አቋርጦም ከግራ ትከሻ በላይ ይወጣል። ሲደርስ መዳፉ ወደ ፊታችን የዞረ ይሆናል።

ሁለተኛው በግራ ጎኑ የታጠቀውን ጎራዴ ከአፎቱ የሚመዝዝን ሰው ይመስላል። ቀኝ እጅ በግራ ዳሌ ዘንድ፣ አውራ ጣት ወደ ታች ሆኖ ይጀምራል፤ ደረትን አቋርጦ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ሲወጣ ክንዱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይዞራል። በመጨረሻም አውራ ጣት ወደ ኋላ ያመለክታል። ይህ መዞር ለይምሰል የሚደረግ አይደለም። በክንድ አጥንት ራስ ጎን ጉብታ አለ። ክንድ ወደ ውጭ ሳይዞር ወደ ላይ ከተነሣ፣ ጉብታው ከበላዩ ወዳለው የብራኳ ጫፍ ይጠጋና በመካከል የሚያልፈውን ጅማት ይጫነዋል። ይህም ሲደጋገም ጅማቱ ይጎዳል።

ልምምዱን ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል በእርምጃና ክንድን በማወዛወዝ ሰውነታችሁን አሙቁ። ከዚያም እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ከፈት አድርጋችሁ፣ ጉልበታችሁን ጥቂት አላልታችሁ ቁሙ። በመጀመሪያ ምንም ሳትይዙ ዐሥር ጊዜ ያህል ሥሩ። አካሄዱ ሲስተካከል ቀላል ክብደት ያዙ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለጀማሪ ይበቃል። ሁለት እየቆጠራችሁ አንሡ፤ አራት እየቆጠራችሁ መልሱ። በእያንዳንዱ ክንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር ከሠራችሁ በኋላ በማግስቱ ዕረፉ። በላስቲክ የምትሠሩ ከሆነ ያልተሰነጠቀና ከጸና ምሰሶ ጋር በሚገባ የታሰረ መሆኑን አስቀድማችሁ መርምሩ፤ ቢበጠስ ዐይንን ሊጎዳ ይችላልና።

በልምምዱ ጊዜ ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ፣ ወገብ ወደ ኋላ ከተለመጠ ወይም ትንፋሽ ከታፈነ ክብደቱ ከዐቅም በላይ ነው፤ ቀንሱት። ክብደቱን በግፊት ወርውሮ ማንሣትም ጡንቻን ሳያጠነክር መገጣጠሚያን ይጎዳል።

ድካምና ሕመም አንድ አለመሆናቸውን ልብ በሉ። የጡንቻ መዛል የሥራ ውጤት ነው፤ ሲያርፉ ይለቃል። የሚወጋ ሕመም ወይም የእጅ መደንዘዝ ግን ማስጠንቀቂያ ስለ ሆነ ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ከዚህ በፊት ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ ተማሪ በተለይ ሁለተኛውን ዓይነት ሐኪም ሳያማክር መሥራት የለበትም። ምክንያቱም ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ውጭ ሲዞር የአጥንቱ ራስ ወደ ፊት ሊያመልጥ የሚችልበት አቋም ላይ ይደርሳል።

ጓደኛችሁ ከባድ ነገር አነሣ ብላችሁ እናንተም በመጀመሪያው ቀን እርሱን ለመብለጥ አትሽቀዳደሙ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ የትከሻ ጥንካሬ የሚገኘው በትክክለኛ አሠራርና በትዕግሥት ነው።

የምንባብ ጥያቄዎች

1. ትከሻ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ይልቅ በቀላሉ የሚጎዳው ለምንድን ነው?
2. በሁለተኛው ዓይነት እንቅስቃሴ ክንድ ወደ ውጭ ባይዞር ምን ይደርሳል?
3. ድካምና ሕመም በምን ይለያያሉ?
4. በሚገባ የምታውቁትን አንድ የእጅ ሥራ መርጣችሁ፣ አሠራሩንና ጥንቃቄውን ቅደም ተከተል ጠብቃችሁ በሁለት አንቀጽ አስረዱ።