ስፓይደርማንን ስፓይደርማን ያደረገው የትኛው ታሪክ ነው?

ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው "የአጎቱ የቤን ሞት ነዋ!" ይላል። እውነት አለው። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት የመጀመሪያ ታሪክ ፒተር ፓርከር ሌባውን ማስቆም እየቻለ "ምን አገባኝ" ብሎ አሳለፈው። በኋላ አጎቱን የገደለው ያው ሌባ ሆኖ ተገኘ።

ሌሎች የ1973ቱን ይመርጣሉ። ግሪን ጎብሊን የፒተርን ፍቅረኛ ግዌንን ከድልድይ ላይ ይጥላታል። ፒተር በድሩ እግሯን ቢይዛትም አልዳነችም። ለማዳን የወረወረው ድር ራሱ አንገቷን ሳይሰብረው አልቀረም፤ አንባቢው እስከ ዛሬ የሚከራከረው ለዚህ ነው።

የኔ ምርጫ ግን የ1966ቱ ቁጥር 33 ነው። ፒተር ከባድ ብረት ተጭኖታል፣ ውሃው እየገባ ነው። የታመመችው አክስቱ የሜይ መድኃኒት ፊት ለፊቱ ቢሆንም እጁ አይደርስም። የሚደበድበው ጠላት እንኳ የለም። ቤንን አለማዳኑን እያሰበ ብረቱን ቀስ በቀስ ያነሳዋል። "ሆምካሚንግ" ፊልም ላይ ፍርስራሽ ስር ሆኖ ሲታገል ያያችሁት ትዕይንት መነሻው ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ ለምን ጀግና እንደሆነ ይነግረናል፣ ሁለተኛው ምን እንዳስከፈለው። ቁጥር 33 ግን አቅሙ ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። ለኔ ስፓይደርማን ማለት እሱ ነው።

እናንተስ የትኛውን ትላላችሁ?