ዳሩ እየታየ መካከሉ ሲጠፋ

መተማ በተነሣች ቁጥር ታሪክ ዐዋቂው በ1881 ዓ.ም. በዚያ የወደቁትን አፄ ዮሐንስን ያስታውሳል፤ በሚያዝያ ወር ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ ሱዳን ወሰን የወረደ መንገደኛ ግን አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ፀሐይዋ ነው። ስለዚህም በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚኖር አረጋዊ ብርሃነ ዓይኑ የደከመ እንደ ሆነ፣ ጎረቤቱም ልጁም «ፀሐዩ ነው»፣ አለዚያም «ሞራ ነው» ብለው ይፈርዱለታል።

ሞራ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ መሆኑን፣ ከእርሱም ቀጥሎ ትራኮማ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን በዚያው መዝገብ ከመቶ 4.8 ለሚሆኑት የመታወር ምክንያት ሆኖ የተጻፈ፣ ስሙ በሕዝብ ዘንድ ገና ያልተለመደ ሌላ ደዌ አለ፤ ይኸውም የማኩላ መድከም ነው። ማኩላ በዓይን ኋላ፣ ብርሃን ተቀባይ በሆነው በሬቲና ማዕከል የምትገኝ፣ ስፋቷ 6 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስፍራ ስትሆን፣ ፊደል የምንለይባት፣ መርፌ የምንሰካባት፣ የሰውንም መልክ የምናውቅባት እርሷ ናት።

ሞራ የያዘው ሰው ሁሉን በጉም እንደ ተሸፈነ አድርጎ ሲያይ፣ ማኩላው በዕድሜ ምክንያት የደከመበት ግን ዳር ዳሩን ደኅና አድርጎ እያየ፣ ያተኮረበት ነገር ብቻ ይሰወርበታል። ዳዊት ደጋሚው በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቅዱስ ስም ለማንበብ ዓይኑን ሲጥል ከመካከሉ ፊደል ይጎድልበታል፤ የሰሊጥ ነጋዴው ደግሞ ደንበኛው በደጅ ሲገባ ጫማውን አይቶ ፊቱን ያጣዋል፣ ሰላም ሲለው ግን በድምፁ ያውቀዋል። ይስሐቅም በዘመነ እርግናው ልጁን በድምፅና በመዳሰስ ሊለይ መሞከሩን ኦሪት ዘፍጥረት ስለሚነግረን፣ የዓይንን ድካም የሽማግሌ ዕጣ ነው ብሎ መተው የቆየ ልማድ ነው፤ የይስሐቅ ደዌ ምን እንደ ነበረ ግን ዛሬ ማንም ሐኪም ሊመረምረው አይችልም።

ደዌው ሕመም የሌለው ከመሆኑም በላይ ጤነኛው ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍንለት፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይቆያል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ሰው አልፎ አልፎ አንዱን ዓይን በእጁ ሸፍኖ በሌላው የበሩን መቃን ይመልከት፤ ቀጥ ያለው መቃን ጎብጦ ወይም መካከሉ ተቆርጦ ከታየው ሐኪም ያሻዋል። ዓይናቸው እጅግ ከደከመባቸው መካከል አንዳንዶቹ በሌለበት ስፍራ ሰው ወይም ጥልፍ ያያሉ፤ የስዊሱ ሊቅ ሻርል ቦኔ በ1760 እ.ኤ.አ. ስለ አያቱ የጻፈው ይህንኑ ሲሆን፣ ከዓይን የሚደርሰው መልእክት የተጓደለበት አእምሮ ከራሱ የሚሥለው ነውና፣ አረጋዊውን ጋኔን ያዘው ወይም አበደ ማለት ግፍ ነው።

መንሥኤውን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው ዕድሜ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። በወላጅ ወይም በወንድም የታየ እንደ ሆነ ለዘመድም ያሰጋል። የደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ጎመንና ዓሣ የማይገኝበት ገበታም ይቈጠራሉ። ሰው በገዛ እጁ ከሚያመጣው ግን ትምባሆን የሚያህል የለም፤ አጫሹ ከማያጨሰው ይልቅ ቢያንስ እጥፍ ለአደጋው የተጋለጠ ነው። የፀሐይን ድርሻ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙበትም፤ እንግዲህ የመተማ ሰው ሰማይን ከመክሰሱ በፊት በኪሱ ያለውን ፓኮ ይመርምር። ባርኔጣውን ግን አይጣል፣ ፀሐይ ሞራን እንደምታፋጥን የታወቀ ነውና።

ደዌው ሁለት ዐይነት ነው። ብዙውን ሰው የሚይዘው ደረቁ ሲሆን በዝግታ በዓመታት ይሄዳል፤ ርጥቡ ግን ከሬቲና ሥር በሚበቅሉ ደካማ የደም ሥሮች ፈሳሽና ደም የሚያፈስ ስለ ሆነ፣ ማዕከላዊውን እይታ በሳምንታት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህኛው ወደ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለው፤ ነገር ግን የሚጠቅመው ቀድሞ ለመጣ ሰው ነው፣ ጠባሳ የሆነውን አይመልስምና። ስለዚህ መቃኑ ጎብጦ የታየህ አባቴ፣ የታየሽም እናቴ፣ ሰሊጡ እስኪታጨድ ልቆይ ሳትሉ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ወይም በቅርብ ወዳለ የዓይን ሐኪም ሂዱ።