ለባልደረባ ሲባል የሚቀር ሥራ

የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ ሌላ ቦታ ቢያገኙ፣ ነገር ግን የሚወዷቸውን የሥራ ባልደረቦች ትተው መሄድ ግድ ቢሆንብዎት ምን ያደርጋሉ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የብዙ ሠራተኛ እናቶችን እንቅልፍ የሚነሳ ግን ነው።

በአዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 9 ዓመት የሠራች የሁለት ልጆች እናት ያጫወተችንን እንመልከት። ከ3 ዓመት በፊት የተሻለ ሥራ አግኝታ ነበር። «በአራስነቴ ገንፎ ይዘው የጠየቁኝን፣ ልጄ ሲታመም በፈረቃዬ የገቡልኝን ሰዎች ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። ዛሬ ከእነዚያ ሦስት ጓደኞቿ አንደኛዋ ጡረታ ወጥታለች፤ ሁለተኛዋ ባሏን ተከትላ ሐዋሳ ገብታለች፤ ሦስተኛዋ ዕድገት አግኝታ የእርሷው አለቃ ሆናለች። የእርሷ ደመወዝ ግን እምብዛም ፈቀቅ አላለም። አሁን ደግሞ ሌላ ሥራ መጥቶላት ምክር ጠየቀችን።

የባልደረባ ፍቅር ከንቱ ነው አንልም። ልጅ በታመመ ቀን ፈረቃ የሚቀይር ሰው ማግኘት ለእናት ከገንዘብ አያንስም። ስለዚህ በቅድሚያ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ማየት ይገባል። ዕቁቡ፣ የቡናው ጨዋታ፣ የደስታና የኀዘን ጥየቃው ወዳጅነቱ እውነተኛ ከሆነ አብሮዎት ይሄዳል። አብሮ የማይሄደው የፈረቃው ድጋፍ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ቦታ ልጅ ሲታመም ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሕጉንም ማወቅ ይበጃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 2 ዓመት አገልግሎት 1 ቀን ይታከልበታል። 20 ቀን የደረሰችው እህታችን አሠሪ ስትለውጥ ከ16 ትጀምራለች። አዲሱ አሠሪ እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ሊያቆይ ይችላል። ነባሩን ሥራ ለመልቀቅም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ከአዲሱ ደመወዝ ላይ የታክሲውንና የሞግዚቷን ወጪ ቀንሰው የሚተርፈውን ያስሉ።

እህታችን ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈረች። አዲሱ ቦታ የሌሊት ፈረቃ እንደሌለው፣ የደመወዙም ልዩነት የትልቋን ልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚሸፍን አረጋግጣ ማስጠንቀቂያዋን ሰጠች። በመጨረሻው ቀን ባልደረቦቿ ቡና አፍልተው ሸኟት፤ አለቃ የሆነችው ጓደኛዋም ከሁሉ ይበልጥ አለቀሰች። የወሩ የዕቁብ ዕጣ የወጣው ግን በእህታችን ቤት ነው።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም ለባልደረባ ብለው ከመቅረትዎ በፊት ባልደረባዎን ያማክሩ። ከልብ የሚወድዎ ሰው «ይቅናሽ» ማለቱ አይቀርም።