ስለ ክትባት ጥቅም

ብልህ ንጉሥ ጠላቱ ከድንበሩ ሳይደርስ ሠራዊቱን ያስተምራል። የሰውም ሥጋ እንዲሁ ነው፤ ከደዌ ጋራ የሚዋጉ ጭፍሮች በደሙ ውስጥ አሉት፤ ነገር ግን የማያውቁትን ጠላት ለመለየት ብዙ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ በዚያም መካከል ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። ክትባት የጠላቱን መልክ አስቀድሞ ያሳያቸዋል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1796 ዓመት ኤድዋርድ ጄነር የሚባል የእንግሊዝ አገር ሐኪም፣ የላም ፈንጣጣ ከያዛት ላም አላቢ እጅ መግል ወስዶ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ። ኋላም የሰውን ፈንጣጣ ቢያስነካው ልጁ አልታመመም። በዚሁ አቆጣጠር በ1980 ፈንጣጣ ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ።

የክትባት ዓይነት ግን አንድ አይደለም። የኩፍኝ ክትባት ኃይሉ የደከመ ሕያው የበሽታ ዘር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ዘሩ ፈጽሞ የሞተ ነውና ደጋግሞ መከተብ ያስፈልጋል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ ጉዳቱ ጠፍቶ መልኩ የቀረ መርዝ ነው።

መንጋጋ ቆልፍ ከአፈር በቁስል ይገባል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ የጎረቤት መከተብ ሌላውን አያድንም። ከዚህ ደዌ የዳነም ሰው ዳግመኛ ሊታመም ይችላል፤ የሚገድለው መርዝ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ጭፍሮቹ አይማሩበትምና። ነገር ግን እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ብትከተብ ጥበቃው ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ እትብቱ በተቆረጠ ጊዜም ሕፃኑ ያለ ጋሻ አይቀርም።

በጤና ቀን መከተብ፣ ስለ ራሱ መናገር ለማይችለው አስቀድሞ መቆም ነው።