ጥይት ያለ ምክንያት አይከሽፍም

“ከሸፈ” የሚለውን ቃል ዛሬ የማንጠቀምበት ቦታ የለም። ዕቅድ ይከሽፋል፣ ሽምግልና ይከሽፋል፣ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪካችንን ሳይቀር በዚሁ ቃል መዝነውታል። ቃሉ ግን የጠመንጃም ነው። ምላጭ ተስቦ “ቀጭ” ብሎ ዝም ሲል፣ ጥይቱ ከሸፈ ይባላል።

ዕቅድ ሲከሽፍብን ፈጥነን ተጠያቂ እንፈልጋለን። ጥይት ሲከሽፍም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሽጉጡን ይረግማል፣ ሌላው ዕድሉን። አባቶቻችን ግን “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ብለዋል። የዛሬው ጽሑፌ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ነው።

መነሻ የሆነኝ በሜሪላንድ የሚኖር ወዳጄ ነው። ዒላማ መተኮስ ይወዳል፤ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይቱንም ራሱ ይሞላል። በቅርቡ ደውሎ “ከ50 ጥይት አራት አምስቱ ይከሽፉብኛል፤ ሽጉጡን ልሽጠው ወይ?” አለኝ። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ከጥይት ጋር ያስተዋወቀኝ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ቢሆንም ማስረጃ ሳይታይ ፍርድ አይሰጥምና፣ “ቆይ፣ አትሽጠው” አልኩት።

በአሜሪካ የተተኮሰን ቀለሃ አንስቶ እንደገና መሙላት የቆየ ልማድ ነው። ከጥይቱ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ውዱ ቀለሃው ነው፤ እሱ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። በፌዴራል ሕጋቸው ለራሱ መጠቀሚያ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። በእኛ አገር የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በጥብቅ የፈቃድ ሥርዓት የሚመራ ስለሆነ፣ እዚህ የምጽፈው አገር ቤት እንዲሞከር አይደለም።

ጥይት እንዴት ይተኮሳል?

ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለሃ፣ ባሩድ፣ አረርና በቀለሃው ቂጥ መሃል የምትቀመጥ ትንሽ ክብ ብረት። አሜሪካኖቹ ፕራይመር ይሏታል፤ እኔ መለኮሻ ልበላት። ምላጭ ሲሳብ የሽጉጡ መርፌ መለኮሻዋን ይመታል፤ በውስጧ ያለው ቅመም ይፈነዳል፤ ነበልባሉ ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ ጋዙም አረሩን ይገፋል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ከተበጠሰ ጥይቱ ይከሽፋል። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰንሰለቱ የተበጠሰው የት ላይ ነው?

የመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች

ከምርመራው በፊት ግን ሕይወት ይቀድማል። “ቀጭ” ያለ ጥይት ሞቷል ማለት አይደለም፤ ዘግይቶ የሚተኮስ አለ። ስለዚህ ተኳሹ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ አለበት። ወደ ራስ አዙሮ ማየት፣ ወደ ጓደኛ ዞሮ “ምን ሆነ?” ማለት፣ ወዲያው ስቦ ማውጣት የለም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ካዝናው ይወጣል፣ ጥይቱም ይወጣል። የወጣው ጥይት አይጣልም፤ ማስረጃው እሱ ነውና።

ማስረጃውን መመርመር

መጀመሪያ የሚታየው መርፌው በመለኮሻዋ ላይ የተወው ምልክት ነው።

ምልክቱ ጥልቅና መሃል ላይ ከሆነ ሽጉጡ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ዘይት ወይም የቀለሃ ማለስለሻ ቅባት ነክቷት፣ ወይም በውሃ የታጠበው ቀለሃ ሳይደርቅ ተሞልቶ መለኮሻዋ ተበላሽታ ሊሆን ይችላል። ጥይት ይጠበቅልኛል ብሎ ዘይት የሚቀባም አለ፤ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ምልክቱ ቀላል ከሆነ ሁለቱም ይጠረጠራሉ። ከሽጉጡ በኩል የደከመ ወይም ምላጩ እንዲቀል ተብሎ የተለወጠ ሞላ፣ አልያም መርፌው የሚመላለስበት ቀዳዳ በቆሻሻና በረጋ ዘይት መያዝ ይኖራል። ከጥይቱ በኩል ዋናው ተጠርጣሪ እስከ መጨረሻው ያልገባች መለኮሻ ናት። መርፌው ሲመታት ኃይሉ እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል፤ ቅመሙን ለማፈንዳት የሚተርፍ የለም። መለያዋ በሁለተኛው ምት መተኮሷ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ቦታዋን አስይዟታልና።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መለኮሻዋ ከቀለሃው ቂጥ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት። ጣት ሲያልፍባት ጎላ ካለች፣ ወይም ጥይቱ ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ከተወዛወዘ፣ አልገባችም ማለት ነው። ወዳጄም ጥይቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሲያያቸው የሚወዛወዙት ጥቂት አልነበሩም። የመለኮሻ ጉድጓዶቹን ጥላሸት ሳይጠርግ ነበር የሚሞላው። ሽጉጡ በነፃ ተሰናበተ።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ልኬት ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ጎርሶ የሚቆመው በቀለሃው አፍ ጠርዝ ተደግፎ ነው። አፉ ከመጠን በላይ ከተጨመቀ ጥይቱ ጠልቆ ይገባና መርፌው በቅጡ አይደርስበትም። በተቃራኒው ቀለሃው በደንብ ካልጠበበ ወይም አረሩ ወጣ ብሎ ከተቀመጠ፣ የሽጉጡ ተንሸራታች ክፍል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ምቱም ይደክማል። የተፈቀደው ከፍተኛ ርዝመት ለቀለሃው 19.15፣ ለሙሉው ጥይት 29.69 ሚሊ ሜትር ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ በርሜሉ ይወልቃል፣ ጥይቱ ይጣልበታል። በራሱ ክብደት ገብቶ፣ ሲገለበጥ በራሱ ከወጣ ልኩ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጥርጣሬ ከቀረ እኛ በችሎት መስቀለኛ ጥያቄ የምንለው ይቀጥላል። የፋብሪካ ጥይት በዚያው ሽጉጥ ይተኮስ። ሁሉም ከተተኮሰ ጥፋቱ መሙያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የፋብሪካውም ከከሸፈ ሽጉጡ ወደ ባለሙያ ይሂድ። በአንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሞላውንም መለኮሻውንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ከዝምታው የከፋ ድምፅ

ከሁሉ የሚያስፈራው ዝም ያለው ጥይት አይደለም፤ “ፏ” ማለት ሲገባው “ጵስ” ያለው ነው። ባሩድ ሳይገባበት የተዘጋ ጥይት መለኮሻዋ ብቻዋን ትፈነዳና አረሩን በርሜሉ መሃል ትቸነክረዋለች። ተኳሹ “ከሸፈ” ብሎ ሌላ አጉርሶ ከደገመ በርሜሉ ሊፈነዳ፣ እጁንና ዓይኑን ሊያሳጣው ይችላል። ድምፁ ወይም ግፊቱ ከተለመደው ካነሰ ተኩሱ ይቁም፤ ሽጉጡ ባዶ ይሁን፤ ተፈታትቶም በርሜሉ ከኋላ በኩል ይታይ። አረሩ ተቀርቅሮ ከተገኘ በባለሙያ ይውጣ።

ለሕግ ምን ያደርጋል?

አንባቢ “ጠበቃ ከመለኮሻ ጋር ምን አገናኘው?” ይል ይሆናል። አንድ ሰው ሌላውን ለመግደል ምላጭ ስቦ ጥይቱ ቢከሽፍበትስ? በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 27 ሙከራ በመርህ ደረጃ በታሰበው ወንጀል ቅጣት ያስቀጣል፤ ሁኔታው ካስገደደ ፍርድ ቤቱ ሊያቀል ይችላል። አንቀጽ 29 ደግሞ በተጠቀመበት ነገር ምክንያት ወንጀሉ ፈጽሞ ሊፈጸም የማይችል ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያለ ገደብ እንዲያቀል ይፈቅዳል። ልዩነቱ የብዙ ዓመት እስራት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የከሸፈው ጥይት የቱ ነው? መለኮሻዋ አልገባ ብላ ከሆነ በሁለተኛው ምት ትተኮስ ነበር። ይህ በእኔ አስተያየት “ፈጽሞ የማይቻል” አይደለም፤ ተጎጂውን ያተረፈው አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲቀርብ “ጥይቱ ከሽፏል” የሚለው አንድ መስመር አይበቃም። መርማሪው ጥይቱን በጥንቃቄ ያቆይ፣ ባለሙያም ለምን እንደከሸፈ ያስረዳ። በዳኛው ፊት ሊመዘን የሚገባው መክሸፉ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም ጭምር ነው።

ቸር ይግጠመን!