የመንግሥት ገንዘብ የወጣበት ኮምፒውተር በግማሽ ጉልበቱ እንዳይሠራ

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ 30 ሲቃረብ በየወረዳው የሚገኙ ጽህፈት ቤቶች የሥራ ጫና ይበረታባቸዋል። የሒሳብ መዝጊያ፣ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርትና የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በአንድ ጊዜ የሚዘጋጁበት ወቅት በመሆኑ ኮምፒውተሮችም የሚፈተኑት በዚሁ ጊዜ ነው። አንድ ማሽን ሲዘገይ ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ በአዲስ እንዲተካ የግዥ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ይሁን እንጂ ማሽን የሚዘገየው ሁልጊዜ አቅም ስለሚያንሰው ላይሆን ይችላል፤ ያለውን አቅም እንዲጠቀም ሳይስተካከል የቀረም አለ።

ለአብነት ያህል ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስን እንውሰድ። በእንዲህ ያለች የደጋ ከተማ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ባለጉዳይ "ማሽኑ ተጨናንቋል፣ ነገ ተመለስ" ከተባለ አንድ የሥራ ቀን ያጣል፤ ለማደሪያም ወጪ ይዳረጋል። በመሆኑም የኮምፒውተር ፍጥነት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአገልግሎት አሰጣጥ ጉዳይም ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ወረዳዎችን በሳተላይት መስመር ያገናኘበት የወረዳ ኔት ፕሮግራም እንዲሁም አይቤክስ በመባል የሚታወቀው የበጀትና ወጪ ሥርዓት ሲስፋፉ በጽህፈት ቤቶች በብዛት ይሠራበት የነበረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በጥቅምት 1994 ዓ.ም ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። በፓወር ግእዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶችን ወይም ለዚያ ዘመን የተሠሩ ፕሮግራሞችን ለመክፈት ሲባል እንዲህ ያለው ማሽን ከአገልግሎት ሳይወጣ የሚቆይበት ምክንያት አለ።

ሁለት ሠራተኛ፣ አንድ መዝገብ

ፕሮሰሰር ትእዛዞችን የሚያስኬድ የኮምፒውተር ክፍል ነው። ኢንቴልና ኤኤምዲ የተባሉት አምራቾች በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት ኮር የያዙ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ምርቶቻቸውን ለገበያ ያቀረቡት በ1997 ዓ.ም ነበር። እያንዳንዱ ኮር ራሱን ችሎ ሥራ ማከናወን የሚችል በመሆኑ ባለ ሁለት ኮር ማሽን በአንድ ጽህፈት ቤት እንደተመደቡ ሁለት ሠራተኞች ሊታይ ይችላል።

ሥራውን የሚያከፋፍለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በሚጫንበት ጊዜ የማሽኑን ዓይነት ለይቶ ከአካላቱ ጋር የሚያገናኘውን የፕሮግራም ክፍል ይመርጣል። ማሽኑ ባለ አንድ ኮር ከሆነ ለአንድ ኮር የተዘጋጀውን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ለብዙ ኮር የተዘጋጀውን ይጭናል። ችግር ሊፈጠር የሚችለው በባለ አንድ ኮር ማሽን ላይ የተጫነው ሲስተም እንዳለ ተገልብጦ ወይም ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ወደ ባለ ሁለት ኮር ማሽን ሲዛወር ነው። ሲስተሙ ለውጡን ራሱ አውቆ የሚያስተካክልበት አጋጣሚ ቢኖርም በቀድሞው መዝገብ የሚቀጥልበት ጊዜም አለ። ይህም አዲስ ሠራተኛ ተቀጥሮ ደመወዝ እየተከፈለው ስሙ በሥራ ድልድሉ ባለመስፈሩ ያለ ሥራ እንደሚቀመጥ ማለት ነው።

የፈቃድ ጉዳይም ሊያሳስብ አይገባም። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 1997 ዓ.ም ባሳወቀው መመሪያ ፈቃድ የሚቆጠረው በፕሮሰሰር እንጂ በኮር አይደለም። ኤክስፒ ሆም አንድ፣ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ደግሞ ሁለት ፕሮሰሰር ይፈቅዳሉ፤ በውስጣቸው ያሉት ኮሮች ተጨማሪ ፈቃድ አይጠይቁም። ከኤክስፒ በፊት የነበረው ዊንዶውስ 98 ግን ከአንድ በላይ ኮር መጠቀም ስለማይችል በማስተካከያ የሚገኝ ለውጥ የለም።

እንዴት ይጣራል?

ምርመራው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት በመጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩን አጠቃቀም የሚያሳየው ሥዕል ለሁለት ተከፍሎ ከታየ ሲስተሙ ሁለቱንም ያውቃል። አንድ ብቻ ከታየ በቪው ዝርዝር ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የተለየ ሥዕል የሚያሳየው ምርጫ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ምርጫው ከሌለ፣ ፕሮሰሰሩም በእርግጥ ባለ ሁለት ኮር ከሆነ፣ አንዱ ሥራ ፈትቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ማሽኑ ሲነሳ በሚከፈተው ባዮስ ውስጥ ኮሮቹ አለመዘጋታቸው ይረጋገጣል። ከዚያም በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኮምፒውተር የሚለው መደብ ሲከፈት "ኤሲፒአይ ዩኒፕሮሰሰር ፒሲ" የሚል ከተገኘ ሲስተሙ የሚሠራው በአንድ ኮር መሆኑ ታወቀ። በዚሁ መስመር ላይ የድራይቨር ማሻሻያውን በመክፈት፣ ከዝርዝር የመምረጥ አማራጭን በመውሰድና "ኤሲፒአይ መልቲፕሮሰሰር ፒሲ" የሚለውን በመምረጥ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ይቻላል። በመደቡ ውስጥ "ስታንዳርድ ፒሲ" የሚል ከታየ ግን በዚህ መንገድ መቀየር አይገባም፤ የሚበጀው ሲስተሙን እንደገና መጫን ነው።

የተሳሳተ ምርጫ ማሽኑ ጨርሶ እንዳይነሳ ሊያደርግ ስለሚችል ከማናቸውም ለውጥ በፊት ሰነዶችን በሌላ ዲስክ መገልበጥና ሥራውን ለኢኮቴ ባለሙያ መስጠት ያስፈልጋል። ሥራው በሰኔ መጨረሻ ሳምንት ሳይሆን ጫና በማይኖርበት ወቅት ቢከናወን ይመረጣል።

በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሰጥ አንድ የተለመደ ምክርም መታረም አለበት። ኤምኤስኮንፊግ በተባለው መስኮት የፕሮሰሰር ቁጥርን መርጦ ትልቁን አኃዝ መሙላት ፍጥነት ይጨምራል ይባላል። ይህ ምርጫ ግን ለሙከራ ሲባል ቁጥሩን ለመገደብ የተዘጋጀ ነው። ምልክት ካልተደረገበት ሲስተሙ ያሉትን ኮሮች ሁሉ ይጠቀማል፤ ምልክት ተደርጎበት አነስተኛ ቁጥር ከተሞላ ግን ማሽኑን ያዘገያል። ስለዚህ ባዶ ሆኖ መተው አለበት።

ምን ይጠበቃል?

ሁለት ኮር ማለት እጥፍ ፍጥነት ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስረዱት ጥቅሙ የሚወሰነው ሥራው ምን ያህል ሊከፋፈል በመቻሉ ነው። አሥር ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ ግማሹ ብቻ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ በሁለት ኮር የሚፈጀው ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። ለአንድ ኮር የተጻፈ ፕሮግራምም በባለ ሁለት ኮር ማሽን ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ታስክ ማናጀር የሚያሳየው 50 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ላለው ፕሮግራም ባለ አራት ኮር ማሽን መግዛት በራሱ መፍትሔ አይሆንም። ሆኖም ጸረ ቫይረሱ በአንዱ ኮር ሲፈትሽ የሒሳብ ሥራው በሌላው መቀጠሉ ለተጠቃሚው የሚታይ እፎይታ ነው።

ሁለቱም ኮሮች ሲሠሩ ሙቀት ይጨምራል። የደጋው አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ በመሆኑ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ከቆላው ያነሰ ነው፤ የማቀዝቀዣውን ፋን ከአቧራ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ማስተካከያው የዕድሜን ገደብ እንደማያነሳም መዘንጋት የለበትም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን የደህንነት ማሻሻያ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም አቁሟል፤ ለዊንዶውስ 7 መደበኛው ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ስለዚህ ኤክስፒ ያለበት ማሽን ከኢንተርኔት ተለይቶ ለቆዩ ሰነዶችና ፕሮግራሞች ብቻ ቢውል ይመረጣል።

በአጠቃላይ አዲስ ኮምፒውተር እንዲገዛ ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ያለው ማሽን ሙሉ አቅሙን እየተጠቀመ መሆኑ ቢጣራ፣ ውጤቱም ከጥያቄው ጋር ተያይዞ ቢቀርብ፣ ኃላፊዎች የትኛው ማሽን በእርግጥ መተካት እንዳለበትና የትኛው በማስተካከያ እንደሚድን ለመለየት ያስችላቸዋል። የጥቂት ደቂቃ ምርመራ የሕዝብ ገንዘብን ከብክነት፣ ባለጉዳይንም ከምልልስ ሊያድን ይችላል።